የኤርፖርት ሚዛን ይዋሻል? የአንድ ሻንጣ ሦስት ክብደት

ቤት ስመዝነው 22.8 ነበር። ያውም ሦስት ጊዜ መዝኜ። ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ልበር ነው። ሌሊቱን እያወጣሁ እያስገባሁ፣ የእህቴን ልጆች ስኒከር ከካርቶኑ አውጥቼ ውስጡ ካልሲ እየጠቀጠቅኩ፣ ለእናቴ የገዛሁትን የደም ግፊት መለኪያ በፎጣ እየጠቀለልኩ፣ በስተመጨረሻ ያቺ በእጅ የምትንጠለጠለው ሚዛን 22.8 ስትለኝ ዚፑን ዘግቼ ተኛሁ። የሚፈቀደው 23 ነው። 200 ግራም ተርፎኛል። ትንሽ ኮራ ማለትም አልቀረ።

ጠዋት ካውንተሩ ላይ ሳስቀምጠው 23.7 አለ።

«ወይ ትቀንሳለህ ወይ 100 ዶላር ትከፍላለህ» ተባልኩ። ቤት መዝኜዋለሁ ብዬ ተከራከርኩ። ይህችን ቃል በቀን ስንቴ እንደምትሰማት የሠራተኛዋ ፊት ላይ ይነበባል። ደግነቱ ክፉ አልነበረችም፣ «እስቲ እዚያኛው ላይ ሞክረው» ብላ ቀጥሎ ያለውን ካውንተር አሳየችኝ። ሻንጣውን ጎትቼ ሄድኩ። 23.2። በሁለቱ ሚዛኖች መሃል አምስት እርምጃ እንኳ የለም። እዚያ የነበረው ልጅ ቁጥሩን ገረፍ አደረገና ምንም ሳይል ታጉን ለጠፈበት። ሻንጣው ሄደ።

አንድ ሻንጣ፣ ሦስት ሚዛን፣ ሦስት ክብደት። ኤርፖርቱንም አየር መንገዱንም በስም አልጠራም። ለምን እንደማልጠራ ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል።

ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። እኛ ሚዛን መጠርጠር ያደግንበት ነገር ነው። ሽንኩርት ስንገዛም ሥጋ ቤት ስንቆምም ዓይናችን ያለው ሚዛኑ ላይ ነው፤ ባለሥጋ ቤቱ እጁን ሳያነሳ ቁጥሩን ከነገረን ወዲያው «እጅህን አንሳው» ማለት እንችላለን። ኤርፖርት ስንደርስ ያ ሁሉ ጥርጣሬ የት እንደሚገባ አላውቅም። ስክሪኑ ቀይ ቁጥር ካሳየ አለቀ፣ ሕዝብ ፊት ወለል ላይ ተንበርክከን ሻንጣ እንበረግዳለን፣ በሐምሌ ሙቀት ጃኬት በጃኬት ላይ እንደርባለን፣ ከኋላ የተሰለፈውን የማናውቀውን ሰው «ኪሎ ይተርፍሃል?» ብለን እንለምናለን። ሚዛኑን ራሱን የሚጠይቅ ግን አላየሁም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ባገኘሁት ጊዜ ሁሉ ስለነዚህ ሚዛኖች ሳነብና ስጠይቅ ቆየሁ። ያገኘሁት መልስ የጠበቅኩት አልነበረም።

በመጀመሪያ ውስጡ ምን እንዳለ እንይ። ሻንጣ የምናስቀምጥበት ያ የጎማ ቀበቶ የተዘረጋበት መድረክ ሥሩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በአራቱ ማዕዘን አራት የብረት ቁራጮች ተሸክመውታል። ሎድ ሴል ይባላሉ። ሸክም ሲያርፍባቸው ይጎብጣሉ፣ ግን በዓይን የማይታይ መጎበጥ ነው። ብረቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተለጥፎበታል። ብረቱ ሲለጠጥ ሽቦውም ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ በጥቂቱ ይቀንሳል፣ ያቺ ቅናሽ ተለክታ ወደ ኪሎ ትቀየራለች። አራቱ ይደመሩና ስክሪኑ ላይ የምናየው ቁጥር ይወጣል። ቴክኖሎጂው የተፈተነ ነው፤ በወጉ ከተያዘ ለዓመታት ይሠራል። የሱፐርማርኬቱ ሚዛን ውስጥም፣ የጭነት መኪና የሚመዘንበት መድረክ ሥርም፣ የእኔ 22.8 ያለችው ትንሿ ሚዛን ውስጥም ያለው የዚሁ ዘመድ ነው።

እንግዲህ ይህ ሚዛን ስንት ቢሳሳት ነው «ተበላሽቷል» የሚባለው? ለዚህ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1955 የተመሠረተ፣ መቀመጫው ፓሪስ የሆነ ዓለም አቀፍ የሕጋዊ ስነ-ልክ ድርጅት አለ፤ ብዙ አገሮች የሚዛን ደንባቸውን የሚቀዱት ከእሱ ምክረ ሐሳብ ነው። ስሌቱ የሚነሳው ሚዛኑ ከሚቆጥርበት እርከን ነው። በ100 ግራም በ100 ግራም እየዘለለ የሚቆጥር ሚዛን ከሆነ፣ 23 ኪሎ አካባቢ ላይ አዲስ ሆኖ ሲፈተሽ የሚፈቀድለት ስህተት 50 ግራም ነው፣ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ደግሞ 100 ግራም፣ ወደ ላይም ወደ ታችም። በ200 ግራም እየዘለለ የሚቆጥር ከሆነ ሥራ ላይ እያለ 200 ግራም ቢሳሳት ሕጋዊ ነው። የአሜሪካኑ ደንብም በዚህ ክብደት ላይ ለሥራ ላይ ሚዛን የሚፈቅደው አንድ እርከን ነው፤ በግማሽ ፓውንድ የሚቆጥር ከሆነ ግማሽ ፓውንድ ማለት ነው።

ይህን ወደ ካውንተሩ መልሱት። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ፣ ሁለቱም በቅርብ ተፈትሸው ያለፉ ሚዛኖች፣ አንዱ 100 ግራም ጨምሮ ሌላው 100 ግራም ቀንሶ ቢያነብ ማንም አልዋሸም፣ ማንም ሕግ አልጣሰም። የ200 ግራም ልዩነት ግን ተፈጠረ። ልክ 23 ኪሎ የሆነ ሻንጣ አንዱ ጋ 22.9 ብሎ ያልፋል፣ ሌላው ጋ 23.1 ብሎ ይቆማል።

የእኔ ልዩነት ግን ግማሽ ኪሎ ነበር። ይህ በዚህ ሕግ አይሸፈንም።

እዚህ ላይ ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። ሁለተኛው ካውንተር ላይ ሻንጣዬ ካለፈ በኋላ ጋሪዬን ልወስድ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። ሚዛኑ ላይ ምንም የለም። ስክሪኑ ግን 0.4 ይላል። ያዝኩሽ! አልኩ በልቤ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ላነሳ ስል ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩ፣ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ጋሪህ እኮ ተደግፎበታል» አሉኝ።

እውነትም የጋሪው አፍንጫ የሚዛኑ ጠርዝ ላይ ወጥቶ ቁጭ ብሏል። ሳብ ሳደርገው ስክሪኑ 0.0 አለ።

ያ ሁሉ ሙግት የተደረገው ለራሴ ጋሪ ነበር። ሚዛኑ የሰጡትን መዘነ፤ ሻንጣዬን፣ ከሻንጣዬም ጋር የጋሪዬን አንድ ጥግ። 23.7 ሲቀነስ 0.4፣ 23.3። ሌላኛው 23.2 ብሏል። በመካከላቸው የቀረችው 100 ግራም ሕጉ የሚፈቅዳት ናት። ሁለቱም ሚዛኖች ደህና ነበሩ። ስም ያልጠራሁት ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ በደንብ ሳየው የኤርፖርት ሚዛን ትልቁ ጠላቱ ይኸው መነካካት ነው። መድረኩ በአራቱ እግሮቹ ላይ ብቻ መቆም አለበት፣ ሌላ ነገር ከነካው ቁጥሩ ይበላሻል። ጋሪ ሲደገፍበት፣ ልጅ አንድ እግሩን ሲያሳርፍበት፣ የፊተኛው ሰው ቦርሳ ጫፉ ላይ ሲቀር ይጨምራል። ደግሞ በተቃራኒው የሻንጣው ጎማ ከመድረኩ ወጥቶ የማይመዝነው ብረት ላይ ካረፈ፣ ወይም ረጅም ሻንጣ ወደሚቀጥለው ቀበቶ ተሻግሮ ግማሹ እዚያ ከተጋደመ፣ ወይም ጎኑ ግድግዳውን ከተደገፈ፣ ይቀንሳል። ከመድረኩ ሥር የገባ ቆሻሻ፣ የወደቀ ታግ፣ የተጣበቀ ፕላስቲክም እንዲሁ መድረኩን ደግፎ ይይዘውና ኪሎ ይበላል። ለዚህ ነው ሻንጣ ከማስቀመጣችሁ በፊት ስክሪኑን እዩ የምለው። 0.0 ካላለ በትህትና «ዜሮ ያድርጉልኝ» ማለት ነው። ይህ ሙግት አይደለም፣ ሥጋ ቤት «እጅህን አንሳው» እንደማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከላይ ከዘረዘርኩት ውስጥ ብዙው ኪሎ የሚቀንስ ነው፣ ማለትም ለእኛ የሚያዳላ። ሻንጣው ብረቱን ተደግፎ 24 ኪሎው 22.9 ሲባል ማን ይጮኻል? «ሚዛናችሁ ተሳስቷል፣ እንደገና መዝኑኝ» ያለ መንገደኛ ታውቃላችሁ? ስለ ኤርፖርት ሚዛን የምንሰማው ወሬ ሁሉ የጨመረባቸው ሰዎች ወሬ ነው። የቀነሰላቸው ሰዎች አውሮፕላን ውስጥ ገብተው ተኝተዋል። ስለዚህ «ሚዛኖቹ ሁሌም ይጨምራሉ» የሚለው የሁላችንም እምነት ከአንድ ወገን ብቻ በተሰበሰበ ምስክር ላይ የቆመ ነው። እኔም እስከዚያ ቀን ከምስክሮቹ አንዱ ነበርኩ።

ተቆጣጣሪስ አለው? በብዙ አገር አለው፣ ምክንያቱም በሚዛኑ ቁጥር ገንዘብ የሚጠየቅበት ስለሆነ እንደ ንግድ ሚዛን ነው የሚታየው። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ይህ በግልጽ ተጽፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የሚዛኖች መመሪያ ክብደትን ለቀረጥ፣ ለታሪፍ፣ ለቅጣትና ለመሰል ክፍያ የሚለካ ሚዛን ሁሉ እንዲረጋገጥ ያዛል። ሚዛኑ ላይ «ኤም» የምትል የላቲን ፊደልና የዓመቱ መጨረሻ ሁለት ቁጥሮች በአራት ማዕዘን ሳጥን ውስጥ ታትመው ይገኛሉ። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ማረጋገጫው በጥቅሉ ሁለት ዓመት ነው የሚያገለግለው፣ ከዚያ እንደገና መፈተሽ አለበት። ፍራንክፈርት ላይ ሰልፍ ስትጠብቁ ጊዜ ከተረፋችሁ ተለጣፊውን ፈልጉት፣ ከስልክ ይሻላል።

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ የደረጃዎች ተቋም የጋራ ደንቡን ያወጣል፣ መስክ ወርዶ የሚፈትሸው ግን የየስቴቱ ወይም የየካውንቲው ተቆጣጣሪ ነው። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚበረው ሰው የሚነሳበት የደለስ ኤርፖርት ያለው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የንግድ ሚዛንን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት የትኛው ይመስላችኋል? የግብርናና የሸማቾች አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ። እኔ ሳነበው ሳቄ መጣ፣ በኋላ ግን ገባኝ። ሚዛን መጀመሪያም የእህልና የከብት ጉዳይ ነበር።

ፍተሻው ራሱ ቀላል ነው። ተቆጣጣሪው ክብደታቸው በእርግጠኝነት የሚታወቅ ብረቶች ይዞ ይመጣል። ባዶውን ዜሮ ማለቱን ያያል። ብረቱን እየጨመረ ያነባል፣ እየቀነሰም ያነባል። ከዚያ ብረቱን ወደ አራቱም ማዕዘን እያዞረ ቁጥሩ መቀየር አለመቀየሩን ይመለከታል፣ ምክንያቱም አንዱ ሎድ ሴል ከተጎዳ መሃል ላይ ደህና የሚያነብ ሚዛን ጥግ ላይ ሊያብድ ይችላል። ቀኑን ሙሉ 30 ኪሎ ሻንጣ እየተወረወረበት የሚውል ዕቃ ስለሆነ ይህ የሌለ ነገር አይደለም። ፍተሻውን ያለፈው ሚዛን ተለጣፊ ይለጠፍበታል፣ የወደቀው እስኪስተካከል ከሥራ ይወጣል። እኛ ዘንድ የአገሪቱን መለኪያዎች ማመሳከሪያ የሚይዝ የስነ-ልክ ኢንስቲትዩት አለ፤ ገበያ ላይ ያለውን ሚዛንና የነዳጅ ማደያ መቅጃ መከታተል ደግሞ የንግድ መሥሪያ ቤቶች ድርሻ ነው። ነዳጅ ማደያ ላይ ሲሆን ሁላችንም ቁጥጥር እንዲደረግ እንጮኻለን። ሻንጣም ያው ነው፣ በቁጥር ነው የምንከፍለው።

ታዲያ ሚዛኑ በአብዛኛው ደህና ከሆነ ለምንድን ነው ይህን ያህል የሚያንገበግበን? እኔ ጥፋተኛው ሚዛኑ ሳይሆን መስመሩ ነው ባይ ነኝ።

እንዲህ ነው። ሽንኩርት ነጋዴ ሚዛኑ 100 ግራም ቢሳሳት የምትከስረው የ100 ግራም ሽንኩርት ዋጋ ነው። ስህተቱ ትንሽ፣ ኪሳራውም ትንሽ። ኤርፖርት ላይ ግን 22.9 በነፃ ያልፋል፣ 23.1 ደግሞ 100 ዶላር ያስከፍላል። 200 ግራም ምንድን ነው? አንድ ስልክ። የልጅ ጫማ። ለ200 ግራም 100 ዶላር፣ በኪሎ ሲሰላ 500 ዶላር! ዋጋ በአንድ መስመር ላይ እንዲህ ገደል ሲሆን ከገደሉ አፋፍ ላይ ያለ ሰው የሚዛኑ 100 ግራም መሳሳት የሞት ሽረት ይሆንበታል። ለዚያ ዋጋ የሚመጥን ሚዛን ሕጉ አልጠየቀም። የሚዛኑ ደንብ የተጻፈው እንደ ሽንኩርቱ በየግራሙ ለሚከፈልበት ነገር ነው፣ ክፍያው ግን እንደ ፈተና ነው የተሠራው፤ ወይ አለፍክ ወይ ወደቅክ።

በጠቅላላ ኪሎ የሚሠሩ አየር መንገዶች ላይ፣ ማለትም የባሕረ ሰላጤው መንገደኛ በደንብ በሚያውቀው ዘዴ፣ ሻንጣዎቹ ተደምረው ለተረፈው በየኪሎው ነው የሚከፈለው። እዚያም ዋጋው ያማል፣ ግን ቢያንስ ገደል የለውም፣ ደረጃ ነው። በሻንጣ ቁጥር የሚሠራው፣ ሁለት ሻንጣ እያንዳንዱ 23 የሚለው፣ ነው ገደሉ ያለው። ያውም አንዱ ሻንጣ 20 ሆኖ ሌላው 24 ቢሆን ድምሩ ከተፈቀደው በታች ሆኖ እንኳ የ24ቱ ቅጣት አለ። ያኔ ነው እንግዲህ ወለል ላይ ተቀምጦ በርበሬውን ከዚህ ወደዚያ ማሸጋገር የሚመጣው።

በዚያ ላይ መስመሩ ራሱ አንድ አይደለም። የአሜሪካ አየር መንገዶች 50 ፓውንድ ይላሉ፣ ከጎኑ 23 ኪሎ ብለው ይጽፋሉ፣ እኩል እንደሆኑ ሁሉ። እኩል አይደሉም። 50 ፓውንድ 22.68 ኪሎ ነው። 23 ኪሎ ደግሞ 50.7 ፓውንድ። በኪሎ የሚያነብ ሚዛን ላይ 22.9 ብሎ የሚያልፍ ሻንጣ በፓውንድ በሚያነብ ሚዛን ላይ 50.5 ይሆንና ይቆማል። 300 ግራም ያህል ክፍተት ነው፣ ከሚዛኖቹ ሕጋዊ ስህተት የሚበልጥ። ሚዛን ከመጠርጠራችን በፊት የትኛው መስመር እንደሚሠራ ማወቅ ይሻላል።

ከአየር መንገዶቹም ይህን ገደል ትንሽ ያለዘበ አለ። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ የሻንጣ ዋጋ ሲጨምር፣ ገደቡን እስከ 3 ፓውንድ ብቻ ላለፈ ሻንጣ በ100 ዶላሩ ፋንታ 30 ዶላር እንዲከፈል አደረገ። ነፃ አይደለም፣ ግን ገደሉ መሃል ላይ አንድ እርከን ተሠራለት። ሌሎቹ ጋ ይህ እርከን ያለው በሠራተኛው ልብ ውስጥ ነው። የእኔን 23.2 ያየው ልጅ ዝም ብሎ አሳለፈኝ፣ ሌላ ቀን ሌላ ሰው ላያሳልፈኝ ይችላል። ዛሬ የሠራተኛው ፊት ላይ የተንጠለጠለውን ያቺን 300 ወይም 500 ግራም በጽሑፍ ቢያስቀምጧት ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር።

«የበረራ ደኅንነት ነው» የሚል መልስ ይሰማል። ይህን ትንሽ እንየው፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ክብደት ለአውሮፕላን ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 2003 ሰሜን ካሮላይና ሻርሎት ላይ አንዲት 19 መንገደኛ የምትጭን አውሮፕላን ገና ስትነሳ ተከስክሳ የነበሩባት 21 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል። ምርመራው ሁለት ነገር አገኘ፤ የጅራቷ መቆጣጠሪያ ገመድ በጥገና ጊዜ በስህተት ተስተካክሎ ነበር፣ ደግሞም ጭነቷ ወደ ኋላ አዘንብሎ ከገደብ አልፎ ነበር። ያዘነበለው የሰውና የሻንጣ ክብደት በአማካይ ግምት ይሰላ ስለነበረና ግምቱ ከእውነታው ስላነሰ ነው። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር አማካዮቹን ከፍ አደረገ።

አማካይ የሚለውን ያዙልኝ። ለዓመታት በሠራው የአሜሪካኖቹ መመሪያ መሠረት አየር መንገድ የጭነት ሒሳብ ሲሠራ ለተራ ሻንጣ 30 ፓውንድ፣ ከ50 ፓውንድ በላይ ለሆነው ደግሞ 60 ፓውንድ ብሎ መያዝ ይችል ነበር። ካውንተር ላይ በ200 ግራም የተጨቃጨቅንበት ሻንጣ፣ የአብራሪው ወረቀት ላይ ሲደርስ ከሁሉም ጋር አንድ ዓይነት ክብ ቁጥር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ትክክለኛውን ክብደት የሚጠቀሙም አሉ፤ እዚያም ቢሆን የሚያሳስበው ነገር በግራም አይቆጠርም። 787-8 ድሪምላይነር ሲነሳ እስከ 228 ቶን ገደማ ይመዝናል። 500 ሻንጣ እያንዳንዱ 200 ግራም ቢያልፍ 100 ኪሎ ነው፤ አንድ ደልዳላ ሰው። ቦሌ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይከብደዋል፤ ለዚህም ነው ለዓመታት ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት እያረፈ፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የሚበረው። ያ ግን የቶኖች ጨዋታ ነው።

የአንድ ሻንጣ ክብደት በእርግጥ የሚጎዳው የሰው ወገብ ነው። 32 ኪሎ የሚባለው የላይኛው ጣሪያ ከዚያ ነው የመጣው፤ ሻንጣ ጫኞች በቀን ስንት መቶ ጊዜ ጎንበስ ቀና ይላሉ። ለእሱ ክርክር የለኝም። የ23ቱ መስመር ግን በዋናነት የዋጋ መስመር ነው፣ እንደ ዋጋ ብንነጋገርበት ይሻላል።

የቀረኝ 22.8ቱ ነው። ሁለቱ የኤርፖርት ሚዛኖች 23.2 እና 23.3 ካሉ፣ የዋሸችኝ የቤቴ ሚዛን ነበረች ማለት ነው። ይህን ለመቀበል ከጋሪው ይልቅ ከበደኝ፣ ምክንያቱም ስክሪኗ እስከ 10 ግራም ታሳያለች። 22.80! ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ያለው ቁጥር ሲታይ እውነት ይመስላል። ግን ማሳየትና ማወቅ ለየቅል ናቸው። የኤርፖርቱ ሚዛን በ100 ግራም የሚዘለው ከዚያ በታች መማል ስለማይፈልግ ነው፣ የእኔዋ ግን ለማታውቀው ነገር ሁሉ ትምላለች። ባትሪዋ ሲደክም፣ ሻንጣው ሲወዛወዝ፣ ክንዴ ሲዝል ቁጥር ትቀያይራለች። ሰው የሚወጣበት የመታጠቢያ ቤት ሚዛን የባሰ ነው፤ አንዴ ብቻችሁን፣ አንዴ ሻንጣ ይዛችሁ ወጥታችሁ ስትቀንሱ የሁለቱም ንባብ ስህተት ይደመራል፣ ምንጣፍ ላይ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አታስቡት።

አንድ ወዳጄ «አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነች ሚዛን ይቀየራል» ብሎኛል። ልክ ነው፣ ግን በጣም ትንሽ። እነዚህ ሚዛኖች የሚለኩት መሬት የምትስብበትን ጉልበት ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከፍ ያለችና ለምድር ወገብ የቀረበች ስለሆነች ስበቱ ከዋሽንግተን በ0.3 በመቶ ገደማ ያንሳል። ዋሽንግተን ላይ በትክክል 23 ያለች የእጅ ሚዛን አዲስ አበባ ላይ 60 ግራም ያህል ቀንሳ ታነባለች። አንድ ደህና እንቁላል። የኤርፖርቶቹ ሚዛኖች እዚያው በቆሙበት በማመሳከሪያ ብረት ስለሚስተካከሉ ይህ አይነካቸውም።

እንደተመለስኩ ቅዳሜ ጠዋት የራሴን ፍተሻ አደረግኩ። ሁለት ሊትር ውሃ የሚይዙ ጠርሙሶች ሞልቼ፣ አንድ በአንድ በኩሽና ሚዛን መዘንኳቸው። ሊትር ውሃ ኪሎ ነው፣ የኩሽና ሚዛኑም በዚያ ልክ ደህና ነበር። ከነቦርሳው በትክክል 20 ኪሎ እስኪሞላ ውሃ ጨመርኩ፣ ቀነስኩ። ከዚያ በዚያች በእጅ ሚዛን አንጠለጠልኩት። 19.65። እንደገና። 19.65። ክንዴን ቀይሬ። 19.70። ቢያንስ በውሸቷ ጽኑ ነች። 23 ኪሎ ላይ ሲሰላ 400 ግራም ያህል ትሰርቃለች፣ 22.8ቱም ከዚያው ነው የመጣው።

አልጣልኳትም። ጀርባዋ ላይ በጥቁር ማርከር «0.4 ጨምርበት» ብዬ ጽፌ እዚያው መሳቢያ ውስጥ መለስኳት። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ወደ አገር ቤት ልትሄድ ነውና ተዋሰችኝ። ስትመልስልኝ ከእኔ ጽሑፍ ሥር በእስክሪብቶ «እግዜር ይስጥልኝ፣ 22.5 ላይ አቁሜዋለሁ» የሚል ተጨምሮበታል።